ቀስቷ 60 ትላለች፣ ስልኬ 49 ይላል፤ የቱን ልመን?

አራተኛ ባለቤት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

መኪናዬ በፈረንጆች 1984 የተሠራች የጃፓን ሴዳን ናት። ባለ 5 ማርሽ ማንዋል፣ ኃይሏ ወደ ኋላ እግር የሚሄድ። ስሜ እንደሚናገረው አራተኛ ባለቤቷ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሦስቱ ምን እንደነካኩባት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ አትናገርም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ፍጥነት መለኪያዋን አምኜ ነዳሁ። ቀስቷን 80 ላይ አድርጌ፣ ቀኜን ይዤ ስሄድ ከኋላዬ የጭነት መኪና በጡሩምባ ጆሮዬን ሲበጥሰው "ሰው ሁሉ ቸኩሏል" እያልኩ እገረም ነበር። ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ስልኩን እያየ "አንተ፣ 65 እኮ ነው የምንሄደው" አለኝ። ስልክህ ተበላሽቷል አልኩት። በእኔ ስልክ ሞከርን። ያው 65። ጡሩምባ የነፉብኝን ሁሉ በሆዴ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ከዚያ ሜዳና ቀጥ ያለ መንገድ መርጠን ለካን። ጂፒኤስ ፍጥነት ሲጨምርና ሲቀንስ ትንሽ ስለሚዘገይ፣ እያንዳንዱን ፍጥነት አሥር አሥር ሰከንድ ሳልለዋውጥ ያዝኩ። ወንድሜ ጻፈ። ቀስቷ 40 ስትል ስልኩ 33። 60 ስትል 49። 80 ስትል 65።

ሌላ የታዘብኩትም አለ። ጠዋት በብርዱ ይብሳል። ቀስቷ 60 እያለች በ46 የሄድኩበት ቀን አለ። ስቆም ደግሞ ወደ ዜሮ የምትወርደው እየተጎተተች ነው፤ መኪናው ቆሞ እሷ ገና 10 ላይ ናት። መዝለል፣ መንቀጥቀጥ ግን የለም። እንዲያውም ከመቼውም በላይ ረግታለች። ከሦስት ወር በፊት የፍጥነት መለኪያዋ ገመድ ያፏጭ ነበር። ራሴ አውጥቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግሪስ አጠገብኩት፣ ፉጨቱም ጠፋ። በዚያ ሥራዬ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

አምና ጎማ ቀይሬያለሁ። በሩ ላይ የተለጠፈው 155 አር 13 ይላል፤ አሁን ያለው 175/70 አር 13 ነው። ነዳጅ ላይ ችግር የለባትም። ባለፈው እዚሁ እንደጻፍኩት በሊትር 14 ኪሎሜትር ትሄድልኛለች። የቀናችሁ ታስታውሳላችሁ።

አንድ ባለሙያ አየና "ጌጁን፣ መለኪያውን ራሱን፣ ሙሉውን ቀይረው" አለኝ። ሌላው ሳያይ "ገመዱ ነው" አለ። ምንም ከመግዛቴ በፊት ከየት ልጀምር?


ፍሬን አልባ፦

ይሄ ምን ያስጨንቃል? መስታወቱን ክፈት፣ ቀስቷን በሹካ ብድግ አድርገህ ንቀላት። 60 ላይ የነበረችውን 49 ላይ ትከላት። አለቀ። እኔ እንዲህ አድርጌ ዓመት ነድቻለሁ፣ ማንም ምንም አላለኝም።


ሂሳብ አይዋሽም፦

እውነቱን ለመናገር "ጎማ ነው" ልልህ ነበር የገባሁት። ካልኩሌተሩን ስከፍት አፈርኩ።

175/70 አር 13 ማለት ስፋቱ 175 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 13 ኢንች ነው። 13 ኢንች 330 ሚሊሜትር ነው። ጎኑ 122.5 ይሆናል፤ ከላይም ከታችም ስላለ 245። ድምሩ 575። የድሮው 155 አር 13 ሁለተኛ ቁጥር የለውም። እንዲያ ሲሆን የጎኑ ቁመት 80 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። 124 ሁለት ጊዜ፣ 248፤ ቸርኬው ሲደመር 578። ልዩነታቸው ሦስት ሚሊሜትር ነው። ግማሽ በመቶ! የአንተ ስህተት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ጎማው ከአዲስነቱ 8 ሚሊሜትር ጥርስ ወደ 1.6 አልቆ ቢሆን እንኳ የሚያመጣው ለውጥ 2 በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ ጎማህ ነፃ ወጥቷል፣ ክሱን አንስቻለሁ።

አሁን ለፍሬን አልባ። ቁጥሮቹን ተመልከት። 40 እና 33፣ ልዩነቱ 7። 60 እና 49፣ 11። 80 እና 65፣ 15። ቀስቷ ቦታዋን ስታ ተተክላ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ የትም ቦታ እኩል ይሆን ነበር። ይኸኛው ግን ከፍጥነቱ ጋር እያደገ ነው የሚሄደው። አካፍላቸው፦ 1.21፣ 1.22፣ 1.23። አንድ ነው ማለት ይቻላል። አንተ እንዳልከው ነቅሎ ቢተክላት 60 ላይ ብቻ እውነት ትናገራለች። ቀድሞ 40 ትል የነበረችበት ቦታ ላይ 29 ትላለች፣ እሱ ግን በ33 እየሄደ ነው። ቀንሶ የሚናገር መለኪያ ደግሞ ከሚያጋንነው የባሰ ነው።

በነገራችን ላይ ትንሽ ማጋነን ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 39 መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል። ከላይ ግን 10 በመቶና በዚያ ላይ 4 ኪሎሜትር በሰዓት ይፈቅዳል። በእውነተኛ 49 ስትሄድ እስከ 58 ቢያሳይህ በደንቡ ውስጥ ነው። 60 ግን አልፎታል።


ጋሽ ካምቢዮ፦

ልጄ፣ ሁሉን ነገር ጽፈህ ዋናውን ተውከው። ቁጥሮቹስ? የተጓዝከውን ኪሎሜትር የሚቆጥሩት ትንንሾቹ ጥቅል ቁጥሮች ልክ ናቸው ወይስ እነሱም ይዋሻሉ? ይህን ሳያውቅ ጌጅ ቀይር ያለህ ሰው ምን አይቶ እንደሆነ አይገባኝም።

ለምን ይህን እንደጠየቅኩህ ልንገርህ። ገመዱ ከካምቢዮ፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ተነሥቶ ጌጁ ውስጥ ሲገባ ሁለት ሥራ ይሠራል። ቁጥሮቹን የሚያዞረው በጥርስ ነው። ጥርስ ለጥርስ ስለተያያዙ ገመዱ የዞረውን ያህል ይቆጥራሉ፣ አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ቀስቷ ግን ከገመዱ ጋር አልተያያዘችም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ገመዱ የሚያዞረው ማግኔት ነው። ማግኔቱን እንደ ጽዋ የሆነች የአሉሚኒየም ክዳን ከብባዋለች፣ አይነካካም። ማግኔቱ ሲሽከረከር በጽዋዋ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፣ ጅረቱም ጽዋዋን ወደ ዙሩ ይጎትታታል። እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥምዝ ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ትይዛታለች። ጉተታውና ሞላዋ በሚታረቁበት ቦታ ቀስቷ ትቆማለች። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ስለዚህ ቁጥሮቹ ልክ ሆነው ቀስቷ ብቻ ከዋሸች ጥፋቱ ጌጁ ውስጥ ነው። ሁለቱም እኩል ከዋሹ ከጌጁ በታች ነው። ያን ጊዜ የምንጠረጥረው ጎማውን፣ ዲፈረንሻሉን (በኋላ እግሮቹ መሐል ያለውን የጥርስ ሳጥን)፣ ወይም ካምቢዮው ጎን ላይ ገመዱን የምታዞረውን ትንሿን የፕላስቲክ ጥርስ ነው።

ገመዱን ተወው። የደረቀ ገመድ ያፏጫል። የተጣመመ ገመድ ቀስቷን ያስጨፍራታል። የተበጠሰ ገመድ ዝም ያሰኛታል። 20 በመቶ ጨምሮ የሚዞር ገመድ ግን በ30 ዓመት ሥራዬ አልገጠመኝም። የታች ጫፉ አንዴ ሲዞር የላይ ጫፉም አንዴ ነው የሚዞረው። ሌላ ምን ሊያደርግ?

አሁን ሥራ ልስጥህ።

መጀመሪያ የኪሎሜትር ምልክት ድንጋይ ባለበት መንገድ 20 ኪሎሜትር ንዳና ቁጥሮቹ ስንት እንደቆጠሩ እይ። አንድ ኪሎሜትር አይበቃም፣ ስህተቱ ይደበቅሃል።

ቀጥሎ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። አንተ መሪው ላይ ተቀምጠህ፣ ጎማው 5 ዙር እስኪዞር መኪናውን ያስገፉልህ፤ የተሄደውን በሜትር ለካ። በወረቀት የሚሰላው የጎማ ዙሪያና ክብደት የተሸከመ ጎማ የሚሄደው አንድ አይደለም።

ከዚያ ዲፈረንሻሉን ቁጠር። የፊት ጎማዎችን አስደግፍ፣ አንዱን የኋላ እግር በክሪክ አንሣ፣ ሥሩ መቆሚያ አድርግ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ማርሹን ዜሮ አድርግ። አንዱ እግር መሬት ይዞ ስለቆመ፣ የተነሣውን 2 ዙር ስታዞረው ፕሮፔለሩ (ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ) የሚዞረው የዲፈረንሻሉን ቁጥር ያህል ነው። ገመዱንም ከጌጁ ጀርባ ፈትተህ ፕሮፔለሩን 10 ዙር አዙር፣ የገመዱ ጫፍ ስንት ጊዜ እንደዞረ ሌላ ሰው ይቁጠርልህ።

መጨረሻ፣ የጌጁ ፊት ላይ ከቁጥሮቹ ሥር ደቃቅ ጽሑፍ አለ። እንዳለ ጻፍልኝ።

ማንዋል መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል። ፍሪሲዮኑን ለቀህ ማርሽ ውስጥ እስካለህ ድረስ ሞተርና ጎማ በጥርስ የታሰሩ ናቸው። አውቶማቲክ ቢሆን መሐል ላይ ዘይት አለ፣ ይንሸራተታል። የኋላ እግር ነጂ በሆኑ ማንዋል መኪኖች 4ኛ ማርሽ ብዙውን ጊዜ አንድ ለአንድ ነው፤ ሞተሩ የዞረውን ያህል ፕሮፔለሩ ይዞራል። በ4ኛ ማርሽ ሞተሩን በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ያዝና ስልክህ ስንት እንደሚል እይ። 3000ን ለዲፈረንሻሉ ቁጥር አካፍል፣ በጎማው ሜትር አባዛ፣ በ60 አባዛ፣ ለ1000 አካፍል። ስልኩና ይህ ሂሳብ ከተስማሙ ሁለት ምስክር አገኘህ።

ሌላም ነገር ጠርጥሬሃለሁ፣ ግን አሁን አልነግርህም። ጠዋት የሚብሰው ለምን ይመስልሃል? ሞተሩ ስላልሞቀ አይደለም። ሌላ ምን ይበርዳል?


አራተኛ ባለቤት፦

ጋሼ፣ ቅዳሜን ሙሉ በላሁት። ወንድሜ መኪና ሥር መቁጠር ሥራ መሆኑን አላመነም፣ ሁለቴ ጠፍቶብኝ ተመልሷል።

ውጤቱ ይኸው። በምልክት ድንጋዩ 20 ኪሎሜትር ስንነዳ ቁጥሮቹ 22 አለፍ ብለው አረፉ፤ የመጨረሻዋ ጥቅል 1 ላይ ልትገባ ነበር። እነሱም ይዋሻሉ! ግን 10 በመቶ ነው። ቀስቷ የምትዋሸው 22 በመቶ። እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። እርስዎ እንዳሉት ሁለቱም ከዋሹ እኩል መሆን አልነበረበትም?

ጎማው በ5 ዙር 8 ሜትር ከ75 ሄደ። በዙር 1.75 ሜትር። በወረቀት ሂሳብ 1.81 ነበር የሚመጣው፤ ሸክም ጎማውንም ያሳጥረዋል ለካ።

የተነሣው እግር 2 ዙር ሲዞር ፕሮፔለሩ 4 ዙር ሞልቶ ትንሽ አለፈ። ትንሿን ለማወቅ 20 ዙር አዞርኩት፣ 41 መጣ። ስለዚህ 4.1 ነው። 10 የፕሮፔለር ዙር ገመዱን ልክ 3 ጊዜ አዞረው። አራት ጊዜ ደጋገምነው፣ ያው 3።

በ4ኛ ማርሽ 3000 ዙር ላይ ስልኩ 76 አለ፣ ቀስቷ 93። ሂሳቡ 76.8 ይላል። ስልኩን አመንኩት።

የጌጁ ደቃቅ ጽሑፍ በዓይኔ አልታይ ብሎኝ በስልክ ፎቶ አንሥቼ አተለቅኩት። 637 ይላል። የክፍሉ ቁጥር መሰለኝ።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር፣ ገመዱን ከጌጁ ስፈታው ጫፉ ግሪስ በግሪስ ነበር፣ ጣቴ ሁሉ ተነከረ። የሶኬቱ ውስጥም እንደዚያው። ስለዚህ ድርቀት የሚባል ነገር የለም።


ጋሽ ካምቢዮ፦

ደስ ያለህ ነገር ነው ያጠፋህ።

ልጄ፣ በአንድ መኪና ላይ ሁለት በሽታ ነው ያለብህ። አንዱን የወረስከው ነው። ሌላውን ራስህ ነህ ያመጣኸው።

ከወረስከው ልጀምር። 637 የክፍል ቁጥር አይደለም። ገመዱ 637 ጊዜ ሲዞር ጌጁ አንድ ኪሎሜትር ይቆጥራል ማለት ነው፤ በደቂቃ 637 ሲዞር ደግሞ ቀስቷ 60 ትላለች። የድሮ የጃፓን ጌጆች ላይ በብዛት የምታገኘው ይህንኑ ነው። አሁን የአንተን እንየው። በአንድ ኪሎሜትር ጎማህ 571 ጊዜ ይዞራል። በ4.1 ሲባዛ ፕሮፔለሩ 2343 ጊዜ። ከ10 ዙር 3 ከሆነ ገመድህ 703 ጊዜ ይዞራል። ጌጁ የሚፈልገው 637፣ የሚደርሰው 703። አካፍለው። 1.10። ያቺ የ20 ኪሎሜትር ፈተናህ የነገረችህ ይህንን ነው።

እንግዲህ ገመዱን የምታዞረውን ያቺን የፕላስቲክ ጥርስ አውጥተህ ዙሪያዋ ያሉትን ጥርሶች ቁጠር። 20 እንደምታገኝ እገምታለሁ። ካምቢዮው ውስጥ የምታዞራት ባለ 6 ከሆነች፣ 20 ለ6 ያንተን 10 ለ3 ይሰጣል። የሚያስፈልግህ ግን 2343 ለ637፣ 3.68 ነው። በ6 ስታባዛው 22። ባለ 22 ጥርስ ፈልግ። ባለ 20ዋ ዲፈረንሻሉ 3.7 ለሆነ መኪና ትክክል ነበረች። ከሦስቱ የቀድሞ ባለቤቶች አንዱ ካምቢዮ ከሌላ መኪና አምጥቶ ገጥሞልሃል፣ ጥርሷን መቀየር ግን ረስቷል። ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰለህ! ካምቢዮው ሲገባ ሁሉም ጨብጦ ይሄዳል፣ ያቺን ትንሽ ጥርስ የሚያስታውሳት የለም።

አሁን ወደ አንተ። ገመድ ግሪስ የሚቀባው ከታች ጀምሮ ነው፣ ያውም ስስ ተደርጎ። የላይኛው አንድ ስንዝር ደረቅ መሆን አለበት። ለምን? ገመዱ የተጠማዘዘ ሽቦ ነው። ሲሽከረከር እንደ ቡሽ መንቀያ ግሪሱን ወደ ላይ እያነሣ ጌጁ ውስጥ ይከተዋል። ግሪሱ በማግኔቱና በጽዋዋ መሐል ይገባል። እዚያ ክፍተቱ ቀጭን ነው። ከዚያ በኋላ ጽዋዋን የሚጎትታት ማግኔቱ ብቻ አይሆንም፣ የሚያጣብቀው ግሪስም አብሮ ይጎትታታል። ቀስቷ ከፍ ትላለች። ጠዋት ግሪሱ ስለሚጠጥር ይብሳል፤ የበረደው ሞተሩ ሳይሆን ጌጁ ነው። ስትቆም ቶሎ የማትወርደውም ለዚህ ነው። ረግታለች ብለህ የጻፍከው ደግሞ አሳቀኝ። ረግታ አይደለም ልጄ፣ ጭቃ ውስጥ ገብታ ነው።

ማግኔቱ ደክሞ ቢሆን ቀስቷ ትቀንስ ነበር እንጂ አትጨምርም። ሞላዋ ላልታ ቢሆን ትጨምር ነበር፣ ግን ጠዋትና ከሰዓት አይለያትም ነበር። ስለዚህ ጌጅ አትግዛ። ጌጁን አውጣ፣ ቀስቷን አትንቀል። ስስ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጠህ በአልኮል አርጥበህ በክፍተቱ ውስጥ እያሳለፍክ ጥረገው። ቤንዚን ፊቱ ላይ እንዳታስነካው፣ ቁጥሮቹን ይልጥብሃል። ሞላዋን በጣትህም በካቻቢቴም አትንካ። አንዴ ከተጣመመች እኔም አላድንልህም።

ጥርሷን ስታወጣ ትንሿን ኦይል ሲል አብረህ ቀይር። እሷ ስታልቅ የካምቢዮ ዘይት ራሱ በገመዱ ወደ ላይ ይወጣል። ያገኘኸውን ግሪስ አሽተው። የካምቢዮ ዘይት እንደ ዲን ይሸታል፣ አይጠፋህም።


ልንዳ እንጂ፦

ጋሼ፣ ጣልቃ ልግባ። የእኔም ማንዋል ናት፣ ግን ገመድ የላትም። ከካምቢዮው ሽቦ ነው የሚወጣው። ይህ የቁጥርና የቀስት ፈተና ለእኔም ይሠራል?


ጋሽ ካምቢዮ፦

ያንቺዋ ሴንሰር ነው እህቴ። ቀስቷም ቁጥሩም ከአንዱ የሴንሰር ምት ስለሚሰሉ፣ ታች ያለው ሲሳሳት ሁለቱም እኩል ይሳሳታሉ። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ቀስቷ ብቻ ከዋሸች ግን አሁንም ጌጁ ነው። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ሦስት ሽቦ አላቸው፦ ኃይል፣ ኔጌቲቭና ምልክት። ሶኬቱን ቆሻሻና ዝገት ፈትሺ፣ ኃይልና ኔጌቲቩ መድረሱን በመልቲሜትር እይ፣ ከዚያ ጎማውን በእጅ ቀስ እያልሽ ስታዞሪ ምልክቱ ላይ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ማለቱን ተመልከቺ። ብዙ ሴንሰሮች ሥራቸው ያችው የፕላስቲክ ጥርስ አለች፣ እሷን አትርሺ። ቀሪውን ሌላ ጥያቄ ከፍተሽ ጻፊው፣ የዚህን ልጅ ጉዳይ ልጨርስ።


ፍሬን አልባ፦

ቀስቴን ወደ ቦታዋ ልመልሳት ነው። በእውነተኛ 30 ላይ ዜሮ ልትል ምንም አልቀራት። እስከ ዛሬ የመኪናው ጸባይ ይመስለኝ ነበር።


አራተኛ ባለቤት፦

ይኸው ጨረስኩ።

ጥርሷ በአንድ ብሎን ብቻ ነው የተያዘችው። ሳወጣት ጥቂት ዘይት እጄ ላይ ፈሰሰ። አንዱን ጥርስ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌ ቆጠርኩ። 20። ወንድሜ ቆጠረ። 20። ባለ 22ቱን ለማግኘት ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ፣ ከኦይል ሲሉ ጋር ገጠምኳት። የካምቢዮውን ዘይት መጠንም አይቼ የጎደለውን ሞላሁ። በዚያው ቀን ጌጁን ሳልነካ መንገድ ወጣሁ፤ ሁለቱን በሽታ ለይቼ ማየት ፈልጌ ነበር። 20 ኪሎሜትሩን ቁጥሮቹ 20 ከምናምን ቆጠሩት። ቀስቷ ግን 60 ስትል ስልኩ 54 አለ። ግማሹ ተፈወሰ፣ ግማሹ የእኔው ጥፋት እንደሆነ ቀረ።

ጌጁን ማውጣት ሁለት ሰዓት ወሰደ፤ አብዛኛው የዳሽቦርድ ብሎን ፍለጋ ነበር። ግሪሱን አሸተትኩት። ዲን አይሸትም፣ ቀለሙም ቆርቆሮዬ ውስጥ ያለው ያው ቢጫ ግሪስ ነው። የእጄ ሥራ መሆኑን ለመካድ የሚሆን ቀዳዳ አልተገኘም። ስድስት የወረቀት ቁራጭ አሳለፍኩ። የመጀመሪያው ተለጣፊ ጭቃ ይዞ ወጣ፣ አምስተኛው ትንሽ ቢጫ ነካ አደረገው፣ ስድስተኛው ንጹሕ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ሞላዋን ላለመንካት ትንፋሼን ይዤ ነው የሠራሁት። ገመዱንም ሙሉውን ጠርጌ እንደገና ቀባሁት፤ ከታች ወደ ላይ፣ ስስ አድርጌ፣ የላይኛውን አንድ ስንዝር ደረቅ ትቼ።

አሁን በእውነተኛ 60 ቀስቷ 63 ትላለች። ጠዋትም ያው 63። ሂሳብ አይዋሽም የጠቀሰው ደንብ ውስጥ ስለሆነች ሦስቷን ኪሎሜትር ተውኩላት። ስቆም ቀጥ ብላ ዜሮ ላይ ትወድቃለች። 30 አካባቢ ትንሽ መርገብገብ ጀምራለች፤ ገመዱ አንድ ቦታ ላይ ጠበቅ ብሎ ይታጠፋል መሰለኝ፣ እሱን ሌላ ቅዳሜ አየዋለሁ። ወንድሜ ከአሁኑ ቅዳሜ ቀጠሮ አለኝ ብሏል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ይህች መኪና ከእኔ ጋር የሄደችውን ሁሉ 10 በመቶ አጋንና ስትቆጥር ነበር። ስለዚህ ባለፈው በሊትር 14 ኪሎሜትር ትሄድልኛለች ብዬ የጻፍኩትን አርሙልኝ። 12.7 ነው።